የእናቶቻችን ብር ከወልድያ እስከ መርሳ

ወልድያ ገበያ የወጣ ሰው እህሉንና ቅቤውን አልፎ ጌጥ ሻጮቹ ዘንድ ሲደርስ ጥቂት ቢቆም አይቆጨውም። አዲሱ የሚያብረቀርቅ ሰንሰለት ከፊት ይሰቀላል። ከኋላው ደግሞ አሮጌው ብር በሳህን ተከምሮ ይቀመጣል፤ ድሪ፣ አልቦ፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ የማተብ መስቀል፣ የክታብ ማኅደር። ሁሉም በአንድ ሚዛን፣ በግራም ይሸጣል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወልድያ በሄድኩ ቁጥር ያንን ሳህን ሳላይ አልመለስም።

የዚህ ብር ብዙው ከሩቅ አገር የመጣ ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት፣ የኦስትሪያዋ ገዥ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ ነበር። እሷ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የተሠራውም ላይ ያው 1780 ተጽፎበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ብር በቤታችሁ ካለ ዕድሜውን በተጻፈበት ዓመት አትቁጠሩ። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ እስኪወጣ ድረስ ይገበያዩበት ነበር። አንጥረኛው በወናፍ እሳቱን አንድዶ ያቀልጠውና በጉጠትና በመዶሻ ጌጥ ያደርገዋል። ድሪ ያጠለቀች ሴት እንግዲህ ገንዘቧን በአንገቷ ይዛ ትዞር ነበር ማለት ነው።

ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሲሪንቃን የግብርና ምርምር ማዕከል አልፎ ወደ መርሳ ሲወርዱ አየሩ ይሞቃል፤ ማሽላው ግራና ቀኝ ይታያል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ናት። እዚያ የባለቤቴ አክስት አሉ፤ ሰማንያን አልፈዋል። እሳቸው ማተባቸውን፣ የዕድሜ ልክ ጎረቤታቸው ደግሞ ክታባቸውን ያንጠለጠሉበት የብር ሰንሰለት አንድ ዓይነት ነው። የሠራላቸውም አንድ አንጥረኛ ነው። ወሎን ለማያውቅ ሰው ይህን ማሳየት ብቻ ይበቃል።

አክስታችን ከነበሯቸው ሁለት ጥንድ አልቦዎች አንዱን በ1966ቱ ረሃብ በእህል ለውጠውታል። “ባይኖረኝ የትኞቹን ልጆች ቀብሬ የትኞቹን አሳድግ ነበር?” ይላሉ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሲደርስ የቀረውን በመቀነታቸው ቋጥረው ከቤት ወጡ። ዘንድሮ ደግሞ ለልጅ ልጃቸው ትምህርት ድሪያቸውን ለመሸጥ ሲነሡ ልጆቻቸው ተከራከሩ። አንዱ ቅርስ እንዴት ይሸጣል አለ፤ ሌላው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል አለ።

እኔ የሁለቱንም ወገን አልያዝኩም። ጌጡ ለክፉ ቀን የተቀመጠ የሴት ሀብት ነው፤ ለልጅ ሲባል ቢሸጥ ነውር የለበትም። “ከመመዘኑ በፊት ግን ይናገሩት” አልኳቸው። ልጅቷ በስልኳ እያንዳንዱን ፎቶ አነሣች፣ ድምፃቸውንም ቀዳች። ድሪው ከእናታቸው፣ አልቦው ከአያታቸው እንደወረደ፣ የትኛው ለሠርግ የትኛው ለአራስነት እንደተሰጠ ያን ቀን ታወቀ። ልጆቻቸው ራሳቸው ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር። በመጨረሻ ድሪው ተሸጠ፣ አልቦው ቀረ፤ ልጅቷ ደግሞ ከሁሉ ትንሿን፣ የብር ኩክ ማውጫዋን መርጣ ወሰደች። በአንገት ሰንሰለት እንድታደርጋት እንጂ ጆሮዋ ውስጥ እንዳትከታት አስጠንቅቄያታለሁ። የጆሮ ታምቡር በቀላሉ ይቀደዳል፤ ጆሮም ራሱን ያጸዳል።

የማን እንደነበረ ማወቁ ተራ ነገር አይደለም። መቅደላ ያለችው እዚሁ ወሎ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከዚያ ከወሰዱት መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ የተባሉ የብር ጌጦች በ2010 ዓ.ም. ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል። ካምቦዲያም በ2015 ዓ.ም. የካቲት 77 ጥንታዊ የወርቅ ጌጦቿን ከለንደን አስመልሳለች። ሕዝብ “የእኔ ነው” ብሎ ለመጠየቅ የጌጡን ታሪክ የሚናገር ያስፈልገዋል፤ ቤተሰብም እንዲሁ ነው።

በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ጥቂት ልምከራችሁ። የጠቆረ ብር ተበላሸ ማለት አይደለም፤ በለብታ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት፣ በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት። ትንንሹን ዶቃና ጉትቻ ሕፃናት እንዳይውጡት አርቁ። ነፍሰ ጡር ሴት እጇ ማበጥ ከጀመረ ቀለበቷን በጊዜ ታውልቅ። ውጭ አገር ላለ ልጅ አሮጌ ጌጥ ከመላካችሁ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ክልክል ነው።

ከሁሉም በፊት ግን አያት በሕይወት ሳሉ ሣጥኑን አብራችሁ ክፈቱት። ሚዛን የሚነግራችሁ ግራሙን ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።