ልጄ የታለ?

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እንዳትስቁብኝ። «ቲቸር ሄቪ ሜታል ቀዳ» ተብሎ ግሩፕ ላይ እንደሚዞር አውቃለሁ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ትስቃላችሁ።

ነገሩን የጀመረው ከእናንተው አንዱ ነው። ስሙን አልጠራም። 12ኛ ክፍል እያለ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ ዴስክ እንደ ከበሮ የሚደበድብ ልጅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቤቴ መጥቶ «ቲቸር፣ ቪዛዬ ወጥቷል። ከመሄዴ በፊት አንድ ዘፈን እንቅዳ» አለኝ። ሦስት ሳምንት ነበረን።

ስቱዲዮ የምንከራይበት ገንዘብ የለም። የነበረን የኮንዶሚኒየም መኝታ ቤቴ፣ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ ርካሽ ማይክ፣ የኔ ጊታርና ትንሽ አምፕ ነው። ድራሙን በኮምፒውተር ሠራን። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍን። መብራት ሲጠፋ እየጠበቅን፣ ጎረቤት ሲቆጣ እያቆምን ቀዳን። ግጥሙ የራሱ ነው፤ በአማርኛ፣ ስለ እናቱ። በየመሀሉ ዝንጅብል ሻይ እየጠጣ ዘፈነ። ከዚያ ሄደ።

ሚክሱ እኔ ላይ ቀረ። ጊታሩን ከፍ፣ ዲስቶርሽኑን ጨመር፣ ድራሙን ደግሞ ከዚያ በላይ ከፍ... ስከፍተው መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «በቃ፣ ሜታል ማለት ይኼ ነው!» አልኩ። ላኩለት። «አሪፍ ነው ቲቸር» ብሎ መለሰ። ይሉኝታ መሆኑ አልገባኝም።

ለፋሲካ እናቱን ልጠይቅ ሄድኩ። ቡናው እስኪፈላ ስልኬን ሰጠኋቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው «ደስ ይላል። ግን መምህር፣ ልጄ የታለ?» አሉኝ።

«ሜታል እንዲህ ነው» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሰበብ ዕቃ ነው። ጥሩ ማይክ፣ ጥሩ ስፒከር። ዋጋ ጠየቅኩ፤ የወራት ደሞዝ ነው። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» የሚባል አልበም አለ። ቤዝ ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን በ1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሲሞት ጄሰን ኒውስቴድ ተተካ። እዚያ አልበም ላይ የኒውስቴድ ቤዝ አይሰማም ማለት ይቻላል። ገንዘብም ስቱዲዮም ባለሙያም ያላቸው ሰዎች አንድ ሰው ሙሉ ሚክስ ውስጥ ጠፋባቸው! በሌላ በኩል ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን በ1969 በአንድ ቀን ቀድቶታል፤ ዛሬም ስትሰሙት ማን ምን እንደሚጫወት ትለያላችሁ። ስለዚህ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የኔ ነበር።

የልጁን ድምፅ ደግሜ መቅዳት አልችልም። የኔን ጊታር ግን እችላለሁ። ከዚያ ጀመርኩ።

አንደኛ፣ ጌይኑን ወደ ግማሽ አወረድኩት። ዲስቶርሽን ሲበዛ ጊታሩ የሚከብድ ይመስላል እንጂ እየተጨማለቀ የሌላውን ቦታ ይበላል። ያንኑ ሪፍ ሁለት ጊዜ ተጫውቼ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ወሰድኩ። ልብ በሉ፣ ኮፒ ማድረግ አይደለም፤ ኮፒ ድምፁን ከፍ ከማድረግ ውጪ ምንም አያሰፋም። መሀሉን ለሱ ለቀቅኩለት።

ሁለተኛ፣ ካርቶኑን ሳነሳ ራሴን ታዘብኩት። የ100 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው። (340ን ለ100 አካፍሉ፤ አስተምሬያችኋለሁ!) የእንቁላል ካርቶን ያንን ሊያቆም? ፈተና ላይ ብትጽፉት ኤክስ ነበር የማደርግባችሁ። አምፑን ከግድግዳው ጥግ አውጥቼ ዙሪያውን ፍራሽ አቆምኩ፣ ጋቢ ደረብኩ። ጉምጉምታው ያኔ ቀነሰ።

ሦስተኛ፣ ኢኪው ላይ መጨመር ትቼ መቀነስ ጀመርኩ። ጊታሩን ከ100 ሄርዝ በታች ቆርጬ ቦታውን ለቤዙና ለትልቁ ከበሮ ተውኩ። ከ2 እስከ 4 ሺህ ሄርዝ አካባቢም በትንሹ ቀነስኩለት፤ አንድ ሰው «ክ» ይበል «ት» ይበል የሚለየው በዚያ አካባቢ ነውና።

አራተኛ፣ የልጁን ድምፅ ቃል በቃል፣ በእጄ ከፍና ዝቅ አደረግኩ። አራት ማታ ፈጀብኝ። የክፍሉ ማስተጋባት ግን አብሮ ተቀድቷልና አልወጣም። ተውኩት።

አምስተኛ፣ ቀስ አድርጌ መስማት ለመድኩ። ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ሰው አጠገባችሁ እያወራ በሚሰማችሁ መጠን ስትከፍቱት ዘፋኙ ከጠፋ፣ ሚክሱ አላለቀም። በስልክ ስፒከር ሰማሁት፣ ታክሲ ውስጥ በርካሽ ኢርፎን ሰማሁት።

ለዚህ ሁሉ ያወጣሁት ገንዘብ የአንድ ጊታር ክር ነው።

ባለፈው እሁድ እናቱ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። አሁንም ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ፊታቸው ተለወጠ። አልከፋቸውም፣ አላለቀሱም፤ ትንሽ ቆጣ አሉ እንጂ።

«ይኼ ልጅ ጉንፋን ይዞት ነው እንዴ የሄደው? ለምን አልነገረኝም?»

ዝንጅብል ሻዩ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሦስት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጦ ሲዘፍን እኔ አልሰማሁትም፤ እሳቸው በስልክ ስፒከር ሰሙት።

ማታውኑ ለልጁ ጻፍኩለት። ሳቀ። ቀጥሎ «ቲቸር፣ አሁን የሰማችውን ሚክስ ላክልኝ» አለኝ።

ቤታችሁ የምትቀዱ ልጆች፣ ዕቃ ለመግዛት ከመበደራችሁ በፊት ሥራችሁን ለዘፋኙ እናት አሰሟት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጠይቁኝ፤ እንደ ድሮው ማርክ አልቀንስም።