ቅርፊት የመሰለችው የእሳት እራት

የሐዋሳ መናኸሪያ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። ረዳቶች «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ!» ይላሉ። ሻይ የምታፈላው ሴት ከሰሏን ታራግባለች። እኔ ዛፍ ሥር ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር።

አጠገቤ ከገጠር የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ድንገት ከዘራቸውን ወደ ግንዱ ቀሰሩ።

«ያቻት! የተምች እናት!» አሉ።

እኔ ግንዱን እንጂ ሌላ አላየሁም። ጠጋ ብዬ ባይ ግን ቅርፊቱ ክንፍ አለው! መዳፍ የምታክል የእሳት እራት ተለጥፋለች። ተማሪው እኔ፣ ያዩት እሳቸው!

ከዘራው ከፍ አለ። «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው።

«ምን እታገሣለሁ ልጄ? በቆሎዬን የጨረሰችው እኮ እሷ ናት።»

እውነት አላቸው። መጤ ተምች በአገራችን የታየው በ2009 ዓ.ም. ነው። ትሉ አድጎ ክንፍ ያወጣል። ሌሊት እየበረረ በቆሎ ላይ እንቁላል ይጥላል። ታዲያ ይህች እሷ ናት ወይ?

መጠኗን አየን። የመጤ ተምች እናት ክንፏ ተዘርግቶ እንኳ ከ4 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ይህች መዳፍ ታክላለች። ቀጥሎ በሣር ጫፍ ነካኋት። የፊት ክንፏን ገለጥ ስታደርግ ከሥሩ ሁለት ትልልቅ ዓይን የመሰሉ ክቦች ብቅ አሉ! አባባ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እኔም ደነገጥኩ፤ ለምን እዋሻለሁ! ልትበላት የመጣች ወፍም እንዲሁ ትደነግጣለች።

«ቢራቢሮ ናት» አለ አንድ ረዳት። አይደለችም። ቢራቢሮ ስታርፍ ብዙ ጊዜ ክንፏን ወደ ላይ ትገጥማለች፤ የቀንዷም ጫፍ ያበጠ ነው። የዚህች ቀንድ እንደ ላባ ሰፊ ነው። እንዲህ ያለው ቀንድ የወንዱ ነው፤ የሴቷን ሽታ ከሩቅ ይለይበታል። እናት ያልናት አባት ሆና ተገኘች! ሳቅን።

ወገኗ የጉሎ ቅጠል ከሚበላው የሐር ትል ነው። ትል ሳለች የዛፍ ቅጠል ትመገባለች። ክንፍ ካወጣች በኋላ ግን ምንም አትበላም፤ በትልነቷ ባጠራቀመችው ስብ ጥቂት ቀን ኖራ ትሞታለች።

«ታዲያ የኔን ጠላት የት ላግኘው?» አሉ አባባ።

በቆሎው ቅጠል ላይ ነው። እንቁላሉ መቶም ከዚያም በላይ ሆኖ ይከማቻል፤ ሻጋታ የመሰለ ፀጉር ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ በጣት መጨፍለቅ ነው። ትሉ ደግሞ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጭ መሥመር አለው። በጅራቱ በኩል 4 ጥቁር ነጠብጣቦች በአራት ማዕዘን ይታያሉ።

መኪናቸው ጥሩምባውን ነፋ። አባባ ከዘራቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ተሳፈሩ። ከዚያ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ባላ ነው ያልከው?»

«አዎ አባባ፣ የተገለበጠ ባላ!»