ቡችላ የምትሸጡ ሰዎች፣ አንዴ ስሙኝማ

መንገድ ዳር ቡችላ በካርቶን ይዘው የሚሸጡ ልጆች ባየሁ ቁጥር ዋጋውን ትቼ ዕድሜውን ነው የምጠይቀው። 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ባይለይ ጥሩ ነው። "ጀርመን ሸፐርድ ነው፣ ንጹህ ዘር!" ይሉሃል፤ የክትባት ካርድ ግን የለም። ዘሩ ይቆየኝ! የፓርቮ ክትባት መቼ ተወጋ? የትል መድኃኒትስ ወስዷል? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ 3 ወር ገደማ ስለሚሰጥ የገዢው ሥራ ነው፤ ሻጩ ቢያንስ የሚወጋበትን ቀን ካርዱ ላይ ይጻፍለት።

ደግሞ የለመደውን ምግብ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ቋጥራችሁ ስጡ። ሰው ቤት እንደገባ ገዢው የላም ወተት ይግተውና (ኧረ ተዉ!) ሆዱን ያበላሸዋል። እናቱ የተኛችበት ቁራጭ ጨርቅስ ምን ያስወጣል? ጠረኗ የመጀመሪያውን ሌሊት ለቅሶ ያቀልለታል። ስልካችሁንም ስጡ፤ ሲደወል ደግሞ አንሱ።