የአቦሓጎይ በረንዳ ምን ተቀብቶ ነው?

መቀሌ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው ድንጋዩን ነው፤ እንጨቱን ዞር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። እስቲ አስቡት፣ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት በ1870ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) የሠራው ጣልያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ ሙያው አናጢነት ነበር። የንጉሡ ዙፋንም የሱ እጅ ሥራ ነው፣ ያውም ከእንጨት።

እኔን እንጨት ያስመረመረኝ ግን ዙፋን አይደለም፣ የአያቶቼ በረንዳ ነው። ጥቁርም ቡኒም ያልለየለት ነገር የጠጣ የጣውላ ወለል። የቀቡት አቦሓጎይ በ2012 ዓ.ም. አርፈዋል፤ በምን እንደቀቡት የሚያውቅ የለም። በ2014 ከሰልም ጋዝም ሲጠፋ ጎረቤት "ይህን ጣውላ አታነዱትም?" ቢላቸው፣ ዓባየይ "የሱን መቀመጫማ አላነድም" ብለው ዘጉት።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ መዳህ ጀመረች። በረንዳው ላይ ዳህ ዳህ ትልና መዳፏ ጥቁር ይሆናል፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ አፍ! ስለዚህ ይነሣ ተባለ። ምክሩማ ጎረፈ፦ "ማሽን አስገባበት"፣ "ቲነር ድፋበት"…

የሰፈራችን አናጢ ግን "ወደይ፣ መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አምጣ" አሉኝ። አንዱን ጥግ በአልኮል አሹት። በጣልያንኛ ጎማላካ የሚሉት የድሮ ቫርኒሽ ቢሆን ይለሰልስና ይጣበቅ ነበር፤ ዝም አለ። በቲነር ሞከሩ፤ ላከር ቢሆን ይሟሟ ነበር፤ እሱም አይደለም። በላምባ ሲያሹት ጨርቁ ከሰል መስሎ ወጣ፣ ሽታው የጋራዥ።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት! ምስጥ ፈርተው ነዋ፤ አገር ምድሩ የአጥሩን እንጨት በሱ አይደል የሚቀባው? ችግሩ የሞተር ዘይት እንደ ተልባ ዘይት አየር ሲያገኝ አይደርቅም። ዓመት ቆጥሮም ፀሐይ ሲመታው ይወዛል፣ ላዩ ላይ ቫርኒሽ ብትቀቡም አይይዝም። ሞተር ውስጥ ሲነድ የጠራቀመው ደግሞ ለካንሰር የሚዳርግ ነገር አለው።

ዳር ላይ ከጥቁሩ ሥር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። እዚህ ጋ ነው ማሽኑን እርግፍ አድርገን የተውነው። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ (መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን) ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድበው ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ይኼ ቀለም ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ብንፈገፍገው አቧራውን የምትውጠው ያቺው ልጅ ናት።

ስለዚህ ልጅቷ እናቷ ቤት ሄደች። ሥር ላስቲክ አንጥፈን፣ አፋችንን ሸፍነን፣ አረንጓዴውን እያረጠብን በእጅ ፋቅነው። በጥቁሩ ላይ ሰጋቱራ በትነን አሳደርን፤ ዘይቱን ይጠጣል። ከዚያ ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ብሩሽ፣ ደግሞ ሰጋቱራ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፣ ያውም ውኃ በመጣ ቀን ብቻ (የመቀሌ ልጅ ይገባዋል)። ሰጋቱራውን በማዳበሪያ ከረጢት አሠርነው፤ ለምድጃ የጠየቁንን ከለከልን።

ዓባየይ ወንበሩ የሚቀመጥባቸውን ሁለት ጣውላዎች አላስነካ አሉ። "ልጅቷስ?" ብንላቸው ዝም። በመጨረሻ አናጢው ሁለቱን ነቅለው ከበሩ በላይ፣ ማንም እጁ በማይደርስበት ቦታ መቱላቸው። በቦታቸው የገቡት ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ቀለማቸው ከሌሎቹ ጋር ገና አልገጠመም።