ሰማያዊ ጭስ፣ ጥቁር ጥላሸት

ጎንደር ሳለን እናቴ እንጀራ ስትጋግር በጎጆው ቀዳዳ ፀሐይ ትገባና ጭሱ ሰማያዊ ይመስል ነበር። ውጭ ብሩህ ሰማይ ላይ ሲታይ ግን ያው ጭስ ቡናማ ነው። ምክንያቱን እዚህ አሚሻቭ ልጄ አስረዳችኝ። የጭስ ብናኝ ደቃቅ ስለሆነ ከብርሃኑ ሰማያዊውን አብዝቶ ይበትናል፤ አልፎ የሚመጣው ቀላ ያለው ነው። ጥላሸትማ በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ከ1,000 በላይ ፍሬ ይደረደራል! ፍሬዎቹ እንደ ዶቃ ተያይዘው ልል ዘለላ ይሠራሉ፤ ብርሃን እያንዳንዷን ያገኛታል፣ እሷም ትውጠዋለች። ጥቁረቱ ከዚያ ነው።

በአገራችን የብራና ቀለም የሚበጠበጠው ከጥላሸት ነው። እኔም ከምጣድ ሥር እየፋቅሁ ለጸሐፊው አቀብል ነበር፤ ፊደል ግን አልቆጠርኩም። አሁን በአርባ ምናምን ዓመቴ አሌፍ ቤት የምጽፈው በእርሳስ ነው። እሱስ ለምን እንደሚጠቁር ልጄን ገና አልጠየቅኋትም።