ባለእጁና ገበቴው

በሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ በጃናሞራዋ መካነ ብርሃን፣ ብርዱ ሲጠና ቤተሰብ በምድጃው ዙሪያ ይሰበሰባል። የገብሱ ዱቄት በገበቴ ይቀርባል፤ በሶው በገበቴ ይበጠበጣል። ዕቃው ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ከንፈሩም በእጅ ብዛት ይለሰልሳል። እህሉን ያመረተው ይመሰገናል፤ ያሰናዳችውም ትመሰገናለች። ገበቴውን ያበጀው ሰው ግን ስሙ ሲነሳ እምብዛም አይሰማም።

ይህ ዝምታ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ጎንደርን የሚጎበኝ ሁሉ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የተሣሉትን መላእክት ቀና ብሎ ያደንቃል። ሥዕሉን የተሸከመውን እንጨት የጠረበው እጅ የማን እንደ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለገበቴ ተወዳጅ የሆነው ዋንዛ በደጋው አናት ላይ አይበቅልም፤ ከወይና ደጋው ነው የሚመጣው። በጥንቱ ስልት ግንዱ በምሳር ይቆረጣል፤ በመጥረቢያ ይጠረባል፤ ሆዱም በመሮ ይፈለፈላል። በአዲሱ ስልት ሥራውን የሚያቃልለው ቶርኖ ነው። ስሙ ከጣልያንኛ የተወሰደ ይሁን እንጂ፣ የመሣሪያው ዕድሜ ከስሙ እጅግ ይረዝማል። በግብፅ አገር፣ ቱና ኤል ገበል በተባለው ሥፍራ፣ በካህኑ በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የተቀረጸ ምስል አለ። በምስሉ ላይ አንዱ ሰው ገመድ እየሳበ እንጨቱን ያዞራል፤ ሁለተኛው ስለቱን ይደግናል። የሁለቱ ስልቶች ልዩነትም በዚሁ ይገለጻል፦ ጠራቢው እንጨቱን አቁሞ እጁን ያንቀሳቅሳል፤ ባለ ቶርኖው እንጨቱን አዙሮ እጁን ያረጋል።

እጅን ማርጋት ግን ቀላል ትምህርት አይደለም። ባለሙያው በመጀመሪያ ግንዱን በእምብርቱ ላይ ለሁለት ይሰነጥቃል፤ እምብርት የቀረበት ገበቴ ይፈነዳልና። ግማሹን ከቶርኖው ጋር አጥብቆ ያስራል፤ ትልቁን እንጨት በዝግታ፣ ትንሹን በፍጥነት ያዞራል። ጎድጓዳውን መሮ በማሳረፊያው ላይ አስደግፎ፣ በቅድሚያ የስለቱን ጀርባ ብቻ ለእንጨቱ ያስነካል። ከዚያም እጀታውን ቀስ ብሎ ሲያነሳ ስለቱ ይነክሳል፤ ፍቅፋቂውም እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወርዳል። የገበቴውን ውጭ ከመቀመጫው ወደ ከንፈሩ፣ ውስጡን ከከንፈሩ ወደ ታች ይቆርጣል። አቅጣጫውን ቢስት የእንጨቱ ጭረት ይቦጨቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ትዕግሥት ነው። እርጥቡ እንጨት ለመሮ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን ይኮማተራል። በዓመታዊ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ክብ የነበረው ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ ባለሙያው በመጀመሪያው ዙር ወፍራም አድርጎ ይተወዋል፤ 30 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ገበቴ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ያህል። የጭረቱ ጫፍ የወጣበትን ጎን በሰም ቀብቶ ለወራት በጥላ ያኖረዋል። ተለማማጁ፣ «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ብንጨርሰውስ?» ቢል፣ መልሱ «ተው ልጄ፤ ውሃው ይውጣለት» ነው። ደርቆ የተጣመመው እንደገና በቶርኖ ላይ ወጥቶ ክብነቱን ይመለሳል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ የተልባ ዘይትም ይጠጣል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አዋቂ መባል በተገባው ነበር። ታሪካችን ግን ሌላ ይናገራል። «ባለእጅ» የሚለው ቃል የእጅን ጌትነት የሚያበሥር ሆኖ ሳለ፣ ለዘመናት መናቂያ ሆኖ ኖረ። በጎንደር ምድር ርስት የተነፈጉት ቤተ እስራኤላውያን በግንበኝነት፣ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ አገሩን አገለገሉ፤ ምላሹ «ቡዳ» የሚል ስም ሆነ። የሠራው ዕቃ ወደ ቤት ይገባል፤ ሠሪው ግን ከደጅ ይቀራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም መሬት በዘር ሐረግ የሚያዝበትን የርስት ሥርዓት አስቀረ። አዋጅ አንደበትን ሊገታ ይችላል፤ ልብን የሚያቀና ግን ትምህርትና ኪነ ጥበብ ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ርካሹ የፕላስቲክ ሳፋ ገበያውን ሞልቶታል፤ ዋንዛውም የሚቆረጠውን ያህል አይተከልም። ሙያ በአንድ ሽማግሌ እጅ ላይ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን የእንግሊዙ የገበቴ ሠሪ የጆርጅ ሌይሊ ታሪክ ያስተምራል። ይህ ሰው በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ከአንድ ጉማጅ ብዙ ገበቴዎችን አንዱን ከሌላው ሆድ እያወጣ፣ እንጨት ሳያባክን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሞት መሣሪያዎቹ ወደ ሙዚየም ገቡ፤ የእጁ ዕውቀት ግን በሙዚየም አይቀመጥም።

መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ባለሙያው ደጅ ቢወስድ፣ የባህል አዳራሹም ከዕቃው ሥር የሠሪውን ስም ቢጽፍ፣ ወጪው ከባድ አይሆንም። በመካነ ብርሃን ገበቴው ታጥቦ በምድጃው አጠገብ ሲደፋ መቀመጫው ወደ ላይ ይታያል። ለስላሳ ነው፤ ባዶም ነው። ለአንድ ሰው ስም የሚበቃ ቦታ አለው።