የቧሂት ጅብራ

ከደባርቅ ወደ ጃናሞራ የሚወስደው መንገድ ቧሂት ላይ ከ4,200 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት እንጃ፤ ዙሪያዬን ግን ልብ ብዬ አላየሁም። ሐሳቤ ሁሉ በክትባት ሣጥኑና በመኪናው ጎማ ላይ ነበር። ጅብራን ቆሜ ያየሁት ጡረታ ወጥቼ ባለፈው ኅዳር ከልጄ ጋር ስሄድ ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሣሩ በአመዳይ ነጥቷል። በዚያ ከፍታ ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፣ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ከሩቅ ዘንባባ የሚመስለው ጅብራ ግን ቆሟል። የሚያድገው ከአናቱ መሐል ካለው ለጋ ቡቃያ ስለሆነ፣ ቅጠሎቹ ደራርበው ከበውታል። ሌሊት የቀዘቀዘ ቅጠል የማለዳ ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ይጎዳል፤ ቀጥ ብለው የቆሙት የመሐል ቅጠሎች ግን ፀሐዩን በጎናቸው ስለሚቀበሉ ጉዳቱ ይቀንስላቸዋል። አጠገቡ ያለው ጓሳም የከረመ ደረቅ ቅጠሉን ሳይጥል አዲሱን በመሐሉ ያሳድጋል።

እዚያው አካባቢ አንድ ሌሊት መኪና ተበላሽቶብን አድረናል። አንዲት አራስ ያለጊዜዋ ከተወለደች ሕፃኗ ጋር ወደ ሆስፒታል እየወሰድን ነበር። ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልዬ ለብቻዋ አስተኛኋት። እናቲቱ ጥቂት ቆይታ፣ ምንም ሳትናገር ጋቢውን ፈታችና ልጇን ከደረቷ ለጥፋ በልብሷ ሸፈነቻት።

«ብርድ አስገባሽባት እኮ!» ብዬ ተቆጣሁ።

«ይተዉኝ ሲስተር፣ እግሯ በረዶ ሆኗል» አለችኝ።

ዳሰስኩት፤ እውነቷን ነበር። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ጋቢ ደግሞ ያለውን ይይዝ እንደሆነ እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ከእናቱ ገላ ማግኘት አለበት። ሕፃንን ገላ ለገላ ማቀፍን በሥልጠና የተማርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ሲነጋ ሕፃኗ ጡት ፈለገች። እኔ ግን ያቺን እናት ይቅርታ ሳልጠይቃት ደባርቅ ላይ ተለያየን።

ይህን ለልጄ እየነገርኳት ስንወርድ መንገድ ዳር የተቆረጠ የጅብራ አበባ አየን። ከኢትዮጵያ ሌላ የማይበቅለው ይህ ተክል ብዙ ዓመት ብርዱን ችሎ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የወደቀው ገና ዘር አልያዘም። ልጄ አንስታ ግንዱ ላይ ልታስደግፈው ሞከረች፤ አልቆም አላት።